አሮጊቷ ባሕር ላይ የቆየችበት የጉም ወራት

ሰኞ፣ ከቢሮ መልስ

ጉሙ ዛሬ ገባ። ጠዋት ወደ ጠቅላይ መምሪያው ስሄድ የመንገድ መብራቶቹ ገና እንደበሩ ነበሩ። ከሦስተኛ ፎቅ መስኮቴ ሁልጊዜ የማየው ወደብ የለም፤ መርከቦቹም፣ ክሬኑም፣ ማዕበል የሚከላከለው ግንብም ነጭ ውስጥ ቀልጠዋል። የአንዲት መርከብ ምሰሶ ጫፍ ብቻ ወጥቶ ይታያል፤ ከሥሩ ምንም የሌለ ይመስላል። ቆሜ ሳየው ቆየሁ። ጢሞ መግባቱን እንኳ ልብ አላልኩም።

ጢሞ የቢሮ ጓደኛዬ ነው። ዕድሜውን የፈጀው መርከብ ሆድ ውስጥ፣ ሞተር ክፍል ነው። አንድ ጆሮው ሲደክም ወደ የብስ አመጡትና ከእኔ ጋር ዕቅድ ክፍል አስቀመጡት። ስሙን የሚያስታውስ የለም፤ ጢሙን የማያውቅ ግን የለም።

ዋና አዛዡ ሁለታችንን አስጠሩን። ከኋላቸው ሁላችንም «ሽማግሌው» ነው የምንላቸው። የባሕር ኃይሉን የአሥር ዓመት የዕድገት ዕቅድ ጉሙ ሳይነሳ ምክር ቤት ፊት ማቅረብ ይፈልጋሉ። ዛሬ መርከቦቻችን በሁለት ቡድን ነው የተደራጁት፤ አንዱ የቅርቡን ዳርቻ ይጠብቃል፣ ሌላው የሩቁን። እሳቸው ሦስተኛ ቡድን ይጨመር፣ አዳዲስ መርከቦችም ይታዘዙ ነው የሚሉት። ጻፊው አሉኝ። ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ። ለዚህ ሥራ ስንት ዓመት ነው የተዘጋጀሁት።

አንድ ነገር ጨመሩ። ምክር ቤቱ ወረቀት ብቻ አይቶ አያምንም፤ ስለዚህ ሦስተኛው ቡድን ካሁኑ እንደሚቻል በተግባር ይታይ። በጉሙ ወራት የሩቁ የባሕር መተላለፊያ ለአንድ ቀንም ያለ መርከብ አይደር።

አሁን እዚያ ያለችው አሮጊቷ ናት። ትክክለኛ ስሟ ሌላ ነው፤ መርከበኞቹ ግን ከዕድሜዋ የተነሳ እንዲህ ነው የሚጠሯት። ካፒቴኗ ባለቤቴ ነው። በወሩ መጨረሻ ይመለሳሉ።

ረቡዕ ማታ

ልጄ ተኝታለች። እማማ፣ የባለቤቴ እናት፣ ከታች ክፍላቸው ውስጥ ሬዲዮ ያዳምጣሉ። ከኛ ጋር መኖር ከጀመሩ ወዲህ ቤቱ ያለ ድምፅ አድሮ አያውቅም።

ቢሮ ያለው ትልቁ ጠረጴዛ ላይ ካርታ ተዘርግቷል፤ በላዩ ከእንጨት የተሠሩ ትንንሽ መርከቦች አሉ። ዛሬ ቀኑን ሙሉ እነሱን ሳዘዋውር ዋልኩ። ነገሩ ለማያውቅ ሰው ቀላል ነው የሚመስለው። አንዲት መርከብ ባሕር ላይ ሁልጊዜ እንድትገኝ ሦስት ያስፈልጋሉ፤ አንዷ ትጠብቃለች፣ አንዷ ትለማመዳለች፣ አንዷ ትታከማለች። ከዚያ ተራ ይቀያየራሉ። ይሄን ሥርዓት የጣሰ ባሕር ኃይል ለአንድ ዓመት ትልቅ ይመስላል፣ በሚቀጥለው ዓመት ወደቡ የበሽተኛ ቤት ይሆናል። ለወጣት መኮንኖች ይህን ስነግር ድምፄ ሁሉ ይለወጣል ይላሉ።

አሮጊቷን መተካት ያለባት ሙሽራዋ ናት፣ አዲሷ መርከባችን። ሽማግሌው ግን የምክር ቤቱ ሰዎች ወደቡን ሲጎበኙ ቀለም ተቀብታ ብትቆምላቸው ይወዳሉ። የሙሽራዋ ካፒቴን ሚስቱ በቅርቡ ወልዳለች፤ አሁን «አዲሱ አባት» ነው የሚባለው። አንዷን መላክ፣ አንዷን ማስቀረት ነው። ሽማግሌው ምርጫውን ለእኔ ተዉልኝ።

አሮጊቷ ትቆይ ብዬ ጻፍኩ።

አዲስ የተወለደ ልጅ ያለበትን ሰው ከቤቱ ማውጣት ደግ አይደለም። ባሏን አመጣች እንድባልም አልፈልግም። ሌላ ምክንያት የለም።

ሐሙስ

ሐሙስ ሐሙስ ከመርከቡ ስልክ ይደወላል። ቢሮ አመሸሁ። ቤት ስደርስ ስልኩን ዘግተው ነበር። ልጄ አባዬ ዓሣ ነባሪ አይቷል እያለች ቤቱን ዞረችው። እማማ ግን ብርድ ልብሱን አጥበው አስጥተው ነበር፤ በጉም ምን ይደርቃል። ለምን እንደማይመጣ ጠየቁኝ። ትእዛዝ ነው አልኳቸው። የማን ሲሉኝ የበላይ አካል አልኩ።

«የበላይ አካል ልጅ የለውም?» አሉና ብርድ ልብሱን አጣጥፈው ገቡ።

እሑድ፣ ከሰዓት

እስካሁን አልጻፍኩትም እንጂ አስታውሰዋለሁ። ሊሄድ በር ላይ ቆሞ ቦርሳውን ትከሻው ላይ እያስተካከለ፣ «ስመለስ የምነግርሽ ነገር አለ» ብሎኝ ነበር። አሁን ንገረኝ አልኩት። በችኮላ የሚነገር አይደለም አለ። ዓይኔን አላየም። ማሰሪያውን ነበር የሚያየው።

ከዚያ በፊት የነበሩት ወራት ጸጥ ያሉ ነበሩ። አንጣላም፣ አንስቅም። እኔ ካርታዬን ይዤ እመጣለሁ፣ እሱ መስኮት ዳር ተቀምጦ ያያል። አንዳንዴ ክፍሉ ውስጥ መኖሩን እረሳው ነበር፤ አንዳንዴ ደግሞ እሱ እኔን የረሳኝ ይመስለኛል።

ይሄን የጻፍኩት ስላስታወስኩት ብቻ ነው።

ማክሰኞ፣ ማለዳ

ሕልም። መርከቦች በኛ መንገድ ላይ ይሄዳሉ። ውኃ የለም፤ ጉሙ ነው የሚያንሳፍፋቸው። የጎረቤት አጥር ሳይነኩ፣ ዛፍ ሳይነኩ፣ እንደ ደመና ቀስ ብለው። አሮጊቷ መኝታ ቤቴ መስኮት ሥር ስትደርስ ባለቤቴ ፊተኛው ጫፏ ላይ ቆሞ ያወራኛል። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። የወደቡ ጡሩምባ ስለሚነፋ ምንም አልሰማም። እጄን ጆሮዬ ላይ አድርጌ እንዳልሰማ አሳየሁት፤ ከዚያ አለፈ።

ስነቃ ጡሩምባው እውነትም ይነፋ ነበር። ቀለል ብሎኝ ተነሳሁ፤ ለምን እንደቀለለኝ እንጃ።

ዓርብ ማታ

ጢሞ ዛሬ ነገር አመጣ። የመርከቦቹን ዋና ሞተረኞች አንድ በአንድ ሲያጣራ ሰንብቷል። አንዷ መርከብ ከባሕር ስትገባ ሞተረኛዋ ሻንጣውን ሳይፈታ ወደምትወጣዋ ይሻገራል። በሁለቱም መርከቦች ላይ ግን የተመዘገበ ነው። እኔ ሦስተኛ ቡድን ብዬ የደረደርኳቸው ሰዎች ቀድሞውንም ሌላ ቦታ የተቆጠሩ ናቸው።

«መርከብ በሁለት ሦስት ዓመት ተሠርቶ ይመጣልሻል» አለኝ። «ሞተረኛ ግን ከፋብሪካ አይመጣም። እኔን ለማድረስ ስንት ዓመት የፈጀ ይመስልሻል? ጆሮዬን ሳይቆጥር።»

እውነቱን ነው። አባሪ ውስጥ እናስገባዋለን አልኩት። አባሪ ውስጥ ብሎ ደገመው፣ ቃሉን እየቀመሰ። ከዚያ ሻዩን ጠጣና ሌላ ወሬ ጀመረ።

አባሪም ቢሆን የዕቅዱ አካል ነው። ማንም አያነበው እንጂ።

ሰኞ፣ በጥድፊያ

ከአሮጊቷ መልእክት። ሁለተኛው ጄኔሬተር ቆሟል። በአንዱ እንቀጥላለን። የሱ አጻጻፍ ነው፣ አንድ ቃል አያበዛም። ጢሞ አነበበና ትግባ አለ። በአንድም ይኬዳል አልኩ። ይኬዳል፣ ግን… ብሎ ተወው። ስብሰባ ተጠራሁ።

ሐሙስ

ስልኩ ሲደወል ቤት ነበርኩ። እማማ ቀድመው አወሩ፣ ልጄ ቀጠለች። እኔ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ውኃ ከፈትኩ። ልጄ በሩን እያንኳኳች «እማዬ፣ አባዬ ይፈልግሻል» አለች። ፀጉሬን እየታጠብኩ ነው፣ እደውልለታለሁ በይው አልኳት። ከቤት ወደ መርከብ መደወል እንደማይቻል እሷም ታውቃለች።

ፀጉሬን እውነትም ታጠብኩ።

ረቡዕ

ደረጃ ላይ። ከላይ ሁለት ሰዎች ይወርዳሉ፣ እኔ ከታች ጫማዬን አስራለሁ። አላዩኝም።

«የሰው ሚስት ባሏን ለማስመጣት አዛዥ ቢሮ ታለቅሳለች።»

«ይቺ ደግሞ እዚያው ባሕር ላይ ጎጆ ልትቀልስለት ነው።»

ሳቁ። ያሰርኩትን ጫማ ፈትቼ እንደገና አሰርኩት። ጆሮዬ ጭው ብሎ እስከ ከሰዓት በኋላ አልተመለሰልኝም። ሰው የሚያወራው ሲያጣ ነው። ባመጣውም ያወሩ ነበር። ማምጣትም ማቆየትም ካስወራ በቁጥሩ መሄድ ነው የሚያዋጣው።

ዓርብ ማታ

የምክር ቤቱ ጉብኝት ተራዘመ። ሽማግሌው አስጠርተውኝ ከመስኮታቸው ጉሙን እያዩ፣ አሮጊቷ ጥቂት ሳምንታት መጨመር ትችል እንደሆነ ጠየቁኝ። እንደ ወትሮው ወደ እኔ ዘወር ብለው አይደለም፤ እንዲያው ለራሳቸው እንደሚናገሩ ዓይነት። ካልቻለች ሙሽራዋን እንልካለን፣ ቀለሙ ቢቀር ይቀራል አሉ።

በሩ ተከፍቶልኝ ነበር። አይ፣ አትችልም፣ ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ።

«ትችላለች ጌታዬ» አልኳቸው።

ቢሮ ስመለስ ጢሞ ቆሞ ጠበቀኝ። ከፊቴ ማንበብ ይችልበታል። ይህች መርከብ ከውኃ ወጥታ መታከም አለባት፣ የጥገና ቦታው ባዶ ነው፣ ወረፋዋም ደርሷል አለኝ። ሥርዓቱን ያስተማርሽን አንቺ ነሽ አለኝ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ትእዛዙን ጻፍኩና ፈረምኩ፤ ፊርማዬ የሌላ ሰው መሰለ።

ሁለት ጊዜ ሆነ። ምክንያቶቹ ግን ሁለቱም ጊዜ ጥሩ ነበሩ።

እሑድ

ምንም አልሠራሁም። ከልጄ ጋር ባሕሩ ዳር ሄድን። አሸዋው የት እንደሚያልቅ፣ ውኃው የት እንደሚጀምር አይለይም፤ እግራችን ሲርስ ነው የምናውቀው። ልጄ ድንጋይ ትወረውራለች፣ ጉሙ ይውጠዋል፣ ከቆይታ በኋላ ጭልቅ ይላል። አንዱ ግን ጭልቅ ሳይል ቀረ። ረጅም ጊዜ ጠበቅን። የሆነ ሰው ቀልቦት ነው አለች።

ሁልጊዜ ነገ ሐሙስ እየመሰለኝ ነው የምውለው። ሐሙስን መጥላት ጀምሬአለሁ።

ማክሰኞ

አሮጊቷ ጠፍታለች።

ጠዋት አንድ መልእክት፤ ጄኔሬተር ክፍል እሳት። ከዚያ ምንም። ሬዲዮው ፀጥ አለ። የቀረው አንድ ጄኔሬተር ከጠፋ ሬዲዮም፣ መብራትም፣ መሪም የለም፤ ይሄን ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። ዘመቻ መምሪያው ክፍል ውስጥ ቆሜያለሁ። ማንም ውጪ አላለኝም፣ ማንም ወንበር አልሰጠኝም።

ያው ማክሰኞ፣ ሲመሽ

ሞግዚቷን ላኩ፤ ነዳጅ አመላላሽና ጎታች መርከባችን ናት። ቀርፋፋ። በዕቅዴ ውስጥ ሁለተኛ ሞግዚት ትጨመር የሚል ሐሳብ ነበር፤ ለዓይን ስለማትሞላ እኔው ነኝ ያስወጣሁት።

አዲሱ አባት ግን ትእዛዝ ሳይጠብቅ ሽማግሌው ቢሮ ገባ። ሲወጣ ኮሪደሩ ላይ አለፈኝ። እጁ ላይ ቀለም ነበረበት። ቆም ብሎ፣ ሳይቆጣ፣ «ተራዬ እኮ ነበር ኮማንደር፤ ብትጠይቂኝ እወጣ ነበር» አለኝና ሄደ። ሙሽራዋ ያልደረቀ ቀለሟን ይዛ ጉሙ ውስጥ ገባች። ከመስኮት ሳያት መጀመሪያ ጎኗ ጠፋ፣ ቀጥሎ የመሪ ክፍሏ፣ በመጨረሻ ምሰሶዋ።

ቤት ደወልኩ። እማማ አነሱ። ነገርኳቸው። ከጀርባቸው ሬዲዮው ሲዘጋ ሰማሁ።

ረቡዕ

ምንም የለም። ካርታው ላይ ያለችውን የእንጨት መርከብ ጢሞ በጣቱ ወደ ደቡብ ገፋት። ሞገዱ ወደዚያ ነው የሚወስዳት አለ። እኔ መንካት አልቻልኩም።

የሆነ ነገር ቢደርስበት ምን ሊለኝ እንደነበር ሳላውቅ እቀራለሁ ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ይሄን በማሰቤ አፈርኩ። ከሰዎቹ በፊት፣ ከሱም በፊት፣ የራሴን ነገር።

ረቡዕ፣ ከሰዓት በኋላ

አገኟት። ሙሽራዋ ናት ያገኘቻት። በገመድ ይዛታለች። ሁሉም በሕይወት አሉ። ዋናው ሞተረኛ ሁለት እጁ ተቃጥሏል።

ደረጃው ላይ ተቀመጥኩና አለቀስኩ። ሰው ያልፋል። ይለፍ።

ቅዳሜ

ትናንት ገቡ። ወደቡ ላይ ከእማማና ከልጄ ጋር ቆምን። አሮጊቷ ከጉሙ ስትወጣ ጎኗ ጠቁሯል፤ በገመድ የምትጎተት አልመሰለችኝም፣ ክንዷን ተይዛ የምትሄድ ነው የመሰለችኝ። እሱ መጨረሻ ላይ ወረደ። ልጄ አንገቱ ላይ ተንጠለጠለች። እናቱ ፊቱን በሁለት እጃቸው ይዘው አዩት። እኔን ግንባሬን ሳመኝ፤ ጭስ ጭስ ይሸታል። ከዚያ ሞተረኛውን ይዞ ሆስፒታል ሄደ።

ቤት ሲመጣ ተኛ። እስካሁን አልተነሳም ማለት ይቻላል። ተነስቶ ይበላል፣ ልጁን ያቅፋል፣ ይተኛል። ስለ ትእዛዙ ምንም አላለም። ስመለስ እነግርሻለሁ ስላለኝ ነገርም።

ሰኞ

ሌላ መዘዝ። ሞተረኛው ለሁለት መርከቦች ነበር የተቆጠረው። እሱ ሆስፒታል ሲተኛ በዚህ ሳምንት መውጣት የነበረባት ሌላዋ መርከብም ቆመች። አንድ ሰው እጁ ተቃጠለ፣ ሁለት መርከቦች ወደብ ቀሩ። ጢሞ ነግሬሽ ነበር አላለም። አለማለቱን ሰማሁት።

ረቡዕ ማታ፣ በርጋታ

ሆስፒታል ሄድኩ። ሞተረኛው ሁለት እጁ በፋሻ ተጠቅልሎ፣ መስኮቱ ሥር ተጋድሞ ነበር። ከባለቤቴ ጋር ብዙ ዘመን የሠራ፣ ፊቱ የተሸበሸበ፣ ጨዋታ አዋቂ ሰው ነው። ብርቱካን ይዤለት ሄጄ ነበር፤ በምን ልላጠው ብሎ ሳቀብኝ። ላጥኩለት፣ አጎረስኩት። እጁ ይድናል ብለውታል፣ ጣቶቹን ግን እንደ ድሮው ማዘዙ ያጠራጥራል።

ይቅርታ ልጠይቀው ነበር የሄድኩት። በምን በኩል እንደምጀምር ሳስብ እሱ ቀደመኝ።

«ሁለተኛው ትእዛዝ ሲደርስ ልጆቹ አጉረመረሙ» አለኝ። «ያንቺም ስም ተነሳ፤ አልደብቅሽም። ካፒቴኑ ሰበሰበንና፣ ባለቤቴን አውቃታለሁ፣ ካላስፈለገ አንድ ቀን አታቆየንም አለን። ከዚያ በኋላ ማንም አላወራም።»

የቀረችውን ብርቱካን እጄ ላይ እንደያዝኩ ቀረሁ። እሱ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል።

ወደ ቤት በእግሬ ነው የተመለስኩት። ጉሙ መንገዱን ይዞታል፤ ሰው ሁሉ ጥላ ነው፣ መኪና ሁሉ ሁለት ቢጫ ነጥብ። እየሄድኩ አይመስለኝም ነበር፣ ቤቶቹ ናቸው ወደ እኔ የሚመጡት። የእኛም ቤት መጣ።

ወጥ ቤት ተቀምጦ ድንች ይልጣል። እማማ ልጄን ይዘው ወጥተዋል። ካፖርቴን ሳላወልቅ ከፊቱ ቆምኩ።

«ያቆየሁህ እኔ ነኝ» አልኩት። «ሽማግሌው ምርጫውን ለእኔ ነበር የሰጡኝ። ሁለቱንም ጊዜ።»

«አውቃለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«መጀመሪያውን አላወቅኩም። በሁለተኛው ነው። ያንቺን አጻጻፍ አላጣውም።» ቢላዋውን አስቀመጠ። «ስልክ ላይም አልመጣ አልሽ።»

«ታዲያ ለሰዎቹ ለምን እንደዚያ አልካቸው?»

«ምን ልበላቸው? ሚስቴ ፈርታኛለች ልበላቸው?»

ተቀመጥኩ። ልትነግረኝ የነበረው ምን ነበር አልኩት። ልትተወኝ መስሎኝ ነበር አልኩት፤ ስለው ድምፄ የልጄን ድምፅ መሰለኝ። እጁን በጨርቅ ጠረገ። ከዚያ ነገረኝ። ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ያለውን የመርከበኞች ትምህርት ቤት እንዲመራ ጠይቀውታል። ባሕር ሰልችቶታል፤ እኔም በካርታ ውስጥ ጠፍቼ እንደምኖር ያያል። ማዶው ትንሽ ከተማ ነው፣ ለትምህርት ቤቱ አለቃ ቤት ይሰጣል። ሥራዬን ማስተው ቀላል ነገር ስላልሆነ ቃሉን ሲያዘጋጅ ነበር የከረመው።

«ነይ ልልሽ ነበር» አለኝ።

«አሁንስ?»

«አሁን ብቻዬን እሄዳለሁ።» ድንቹን እያየ ነው የተናገረው። «ተቆጥቼ አይደለም። ጨለማ ውስጥ ስንንሳፈፍ ሬዲዮ የለ፣ መብራት የለ፣ ማሰቢያ ጊዜ ነበረኝ። ስትፈሪ ሰው ታርቂያለሽ። እኔ ደግሞ ስከፋ ዝም እላለሁ። ሁለታችንም እንዲህ ሆነን አዲስ ቤት ብንገባ ያው ነው።»

ቢላዋውን አንስቼ የቀረውን ድንች ላጥኩ። ከፈሪ ሰው ብዙ ምክንያት አይጠፋም፤ እኔ የደረደርኳቸው ሁሉ እዚህ ተጽፈዋል፣ ወደ ኋላ ገልጬ ማየት አልፈልግም።

ዓርብ፣ በጥድፊያ

ነገ ምክር ቤት። አባሪውን ከኋላ አውጥቼ ፊት አደረግሁት። ጢሞ ሌሊቱን ሙሉ ስሞቹን ደግሞ አጣርቶ ዓይኑ ቀልቶ መጣ። ሽማግሌው አላዩትም። ልነግራቸው ሁለት ጊዜ ሄድኩ፣ ሁለቱንም ጊዜ እንግዳ ነበራቸው። ሦስተኛ ጊዜ መሄድ እችል ነበር።

ቅዳሜ ማታ

ተናገርኩ። ትልቁ አዳራሽ፣ ረጅሙ ጠረጴዛ፣ ከኋላዬ በሦስት ቀለም የተሠራው የሽማግሌው ውብ ካርታ። ሁለት ቡድን ነው ያለን፣ ሁለቱም ደክመዋል አልኩ። ሦስተኛው ያለው ወረቀት ላይ ነው። በጉሙ ወራት የሩቁን መተላለፊያ ሳናቋርጥ ጠብቀናል፤ የጠበቅነው ግን መታከም የነበረባትን መርከብ ባሕር ላይ አቆይተን ነው፤ የመረጥኩትም እኔ ነኝ። አንድ ሞተረኛ ሲቃጠል ሁለት መርከብ ቆመ። መርከብ ከማዘዛችን በፊት የሚነዳትን ሰው እናዘጋጅ፤ ትምህርት ቤቱ ይስፋ፣ የጥገና ቦታው ሁለት ይሁን፣ ሁለተኛ ጎታች መርከብ ትምጣ። አዳዲሶቹ መርከቦች በአንድ ጊዜ ሳይሆን የሰለጠነው ሰው ቁጥር በፈቀደ መጠን ይታዘዙ።

ከምክር ቤቱ አንዲት አዛውንት ሴት፣ ይህ ዕድገት ነው ወይስ ማፈግፈግ ብለው ጠየቁኝ። እንጃ፣ እኔ እንኳ ዘንድሮ ነው ልዩነቱን መማር የጀመርኩት አልኳቸው። ፈገግ አሉ፣ አልተረዱኝም።

ሽማግሌው ኮሪደሩ ላይ አስቆሙኝ። ፊታቸው ቀልቶ ነበር።

«ቢሮዬ ውስጥ ብትነግሪኝ አይሻልም ነበር?»

«ይሻል ነበር ጌታዬ። ትችላለች ያልኩዎ ዕለት ነበር መናገር የነበረብኝ።»

«እኔም ያን ዕለት መስማት የፈለግሁት እሱን ነበር» አሉና ወደ አዳራሹ ተመለሱ። እሳቸውን እንዲህ ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም።

ማክሰኞ

ምክር ቤቱ ሦስተኛውን ቡድን ለሌላ ጊዜ አቆየው። ትምህርት ቤቱና የጥገና ቦታው ጸደቁ። አሮጊቷ ዛሬ ከውኃ ወጣች፤ ሆዷ ላይ የተለጠፈውን ዛጎልና የባሕር ሣር እየፋቁላት ነው፤ ደረቅ ላይ ስትታይ ታሳዝናለች፣ ትከብዳለችም። ሽማግሌው ዕቅዱን እንደገና ጻፊው፣ አባሪ የሚባል ነገር ግን እንዳላይ ብለውኛል። ጢሞ ጢሙን በሁለት ጣቱ ይዞ ቀኑን ሙሉ ሲያፏጭ ዋለ፤ በደህናው ጆሮው በኩል ተቀምጬ ዝም በል ብለውም አልሰማኝም።

ባለቤቴ ትናንት ሄደ። ትንሽ ሻንጣ ብቻ ነው የያዘው። እማማ አብረው የሚሄዱ መስሎኝ ነበር፤ ሻንጣቸውን ያላወጡት ዘግይተው ነው ብዬ። ጠየቅኳቸው። እሱ ትልቅ ሰው ነው፣ ራሱን ይችላል፤ አንቺን ግን ማን ያይሻል አሉኝ። ሬዲዮአቸውን ዛሬ ወደ ሳሎን አመጡት።

እሑድ ማታ፣ ከማዶ

ትናንት ከልጄ ጋር ጀልባ ተሳፍረን መጣን። የባሕር ኃይል መኮንን ነኝ፣ ውኃ ላይ ከወጣሁ ግን ብዙ ዘመን ሆኖኛል። ገና ከግንቡ ስንወጣ አቅለሸለሸኝ። ልጄ ጀርባዬን እየደባበሰች ሳቀችብኝ። መሃል ላይ ስንደርስ ጉሙ ከፍ ከፍ እያለ ሄዶ ባሕሩ ራቁቱን ታየ፣ ግራጫና ሰፊ፤ ካርታዬ ላይ እንዲህ ሰፍቶ አያውቅም።

ሲያስተምር ደረስን። ወጣት ሴቶችና ወንዶች በሰልፍ ቆመው ገመድ መወርወር ይለማመዳሉ። ልጄ ልትጠራው ስትል ይጨርስ አልኳት፤ ግድግዳ ዳር ተቀምጠን ጠበቅን። አንዲት ልጅ ደጋግማ ስትስት፣ እሱ ምንም ሳይላት እየሄደ ገመዱን ያነሳላታል። አራት ዓመት፣ አምስት ዓመት እንዲህ ሲያነሳ እንደሚኖር ታየኝ፤ እኔ ቁጥር የምለው እነዚህን ነበር።

ሲያየን ፊቱ ላይ የመጣውን ለመደበቅ አልሞከረም። ቆያችሁ እንዴ አለ። አዎ፣ ቆይተናል አልኩት።

የሰጡት ቤት ነጭ ቀለም የተቀባ ጠባብ ነው፤ አንድ አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር። አንዱ ወንበር ላይ መጻሕፍት ተከምረዋል። ልጄ አልጋው ላይ ወጥታ በመስኮት ስታይ እንቅልፍ ወሰዳት። ብዙ አላወራንም። ምን እንደሚያስተምር ጠየቅኩት፣ ነገረኝ። ፈርቼ ነበር፣ አሁንም እፈራለሁ አልኩት። እኔም አለኝ። ሰማዩ መጠቆር ሲጀምር ሰዓቱን አየ።

«የመጨረሻው ጀልባ ሊሄድ ነው።»

«ነገም ጀልባ አለ» አልኩት።

ተነስቶ ከወንበሩ ላይ መጻሕፍቱን በሁለት እጁ አቀፈና መሬት ላይ አስቀመጣቸው። ካፖርቴን አውልቄ ተቀመጥኩ።